ያልነበረውን ሲዲ ማን አወጣው?

ባለፈው የመገናኛ በዓላችን መጽሔት ላይ ስለ ዲፓርትመንታችን የኮምፒውተር ላብ የወጣ አጭር ታሪክ ነበር። በውስጡ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። በ2003 ዓ.ም. የግቢው ኔትወርክ በተቋረጠ ጊዜ የዩኤስቢ ሞደም በሊኑክስ ላይ ያሠራው የባቹ ተማሪ እኔ እንደሆንኩ ትናገራለች። ሳነባት ደስ አለኝ፤ ዋሽቼ ምን አደርጋለሁ። ትንሽ ቆይቶ ግን ደስታው ወደ እፍረት ተለወጠ፤ ነገሩ እንደዚያ አልነበረማ። የዘንድሮው አዘጋጆች «የላቡን ታሪክ አንተ ቀጥልበት» ሲሉኝ፣ «ከመቀጠሌ በፊት የማርመው አለኝ» አልኳቸው። ይህ ጽሑፍ እርማቱ ነው።

በዚያ ዘመን ግቢ የነበራችሁ ላቡን ታስታውሱታላችሁ። ፍላሽ የሰካ ሁሉ ቫይረስ ይዞ ይወጣ ነበር። ፎልደሮቻችን ወደ ሾርትከት እየተለወጡ ስንት ሰው የሲኒየር ፕሮጀክት ጽሑፉን አጥቶ አልቅሷል። የላቡ ቴክኒሻን፣ ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው ሴት፣ ከመምህራኑ ጋር ተማክረው ግማሹን ላብ ወደ ኡቡንቱ ሊኑክስ ቀየሩት። ሲዲዎቹ ያኔ ለጠየቀ ሁሉ ከውጭ በፖስታ በነፃ ይላኩ ነበር። የተጫነው እትም 8.04 ነው፤ ቁጥሩ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2008 መውጣቱን ይነግራል። ብዙዎቻችን አጉረመረምን። ቢሆንም ቫይረሱ ያን ግማሽ ላብ አልነካውም።

ጥር 2003 ላይ መንገድ ሲቆፈር ወደ ከተማችን የሚገባው የኢንተርኔት መስመር ተቆረጠ። ግቢው ብቻ ሳይሆን ከተማ ውስጥ ያሉት ኢንተርኔት ቤቶችም ዘጉ። ከባቻችን አንዷ ልጅ ለውጭ አገር የማስተርስ ስኮላርሺፕ ማመልከቻዋን ጨርሳ ለመላክ እየተዘጋጀች ነበር። ቀኑ በአውሮፓ አቆጣጠር እኩለ ሌሊት ላይ ያበቃል፤ በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት መሆኑ ነው። አዋጥተን በሲም ካርድ የሚሠራ የዩኤስቢ ሞደም ገዛን። የሞባይሉ አንቴና ይሠራ ስለነበር ተስፋችን እሱ ላይ ነበር። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ግን ለዊንዶውስ ብቻ ነው። በዊንዶውሶቹ ኮምፒውተሮች ላይ ስንሞክረው ፕሮግራሙ እየተጫነ መሀል ላይ ይቆማል፤ ቫይረሱ እዚያም ቀድሞናል። የቀሩን ሊኑክሶቹ ብቻ ናቸው።

እዚህ ላይ የዚያችን ትንሽ ዕቃ ታሪክ ልንገራችሁ፤ የሌሊቱ ታሪክ ያለ እሱ አይገባም።

«ሞደም» የሚለው ስም «ሞዱሌተር» እና «ዲሞዱሌተር» ከሚሉት ሁለት ቃላት ተቆርጦ የተገጠመ ነው። የኮምፒውተርን መረጃ ወደ መስመሩ ሞገድ፣ ሞገዱንም መልሶ ወደ መረጃ የሚለውጥ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የአሜሪካው የዴኒስ ሄይስ ኩባንያ «ስማርትሞደም» የተባለውን ዕቃ አወጣ። ፍጥነቱ በሴኮንድ 300 ቢት ብቻ ነበር። ቁም ነገሩ ኮምፒውተሩ ለሞደሙ በጽሑፍ ትዕዛዝ መስጠት መቻሉ ላይ ነው። ትዕዛዞቹ «ኤቲ» በሚሉ ሁለት ፊደሎች ይጀምራሉ፤ «አቴንሽን» ከሚለው ቃል የመጡ ናቸው፣ በእኛ አነጋገር «ስማኝማ!» እንደማለት። ሞደሙ ከሰማ «ኦኬ» ብሎ ይመልሳል። ሌሎች አምራቾችም ይህንኑ ቋንቋ ተከተሉ።

አገራችን ውስጥ ኢንተርኔት ለሕዝብ የተከፈተው በ1989 ዓ.ም. ነው። ያኔ በስልክ መስመር እየተደወለ የሚገባበት ዘመን ነበር፤ ያ ሞደም ሲደውል የሚያሰማው ጩኸት የቀደሙት ባቾች ጆሮ ውስጥ እስከ ዛሬ ያለ ይመስለኛል። ሞባይል ሲመጣ የስልክ መስመሩ ቀረ፣ ቋንቋው ግን አልቀረም። የሞባይል ደረጃ ያወጡት መሐንዲሶች የሄይስን ትዕዛዞች ወስደው አዳዲስ ጨመሩባቸው፦ ለሲም ካርድ ፒን፣ ለሲግናል ጥንካሬ፣ ለኤፒኤን። ኪሳችን የምትገባው የዩኤስቢ ሞደም የውስጧን ላየ ሰው የ1981ዱ ሞደም የልጅ ልጅ ናት። *99# የሚባል ነገር «ትደውላለች»፤ ማንም የሚያነሳው ስልክ ሳይሆን «የዳታ አገልግሎት ክፈትልኝ» የሚል ጥያቄ ነው።

ታዲያ ችግሩ ምን ነበር? አምራቾቹ ለገዢው ተጨማሪ ሲዲ ላለመስጠት አንድ ብልሃት ፈጠሩ። የዊንዶውሱን ፕሮግራም እሷው ሞደም ሆድ ውስጥ ከተቱት። ስትሰካ መጀመሪያ «ሲዲ ነኝ» ትላለች። ዊንዶውስ ሲዲውን ከፍቶ ፕሮግራሙን ይጭናል፤ ፕሮግራሙ ደግሞ በድብቅ ትዕዛዝ ወደ ሞደምነት ይቀይራታል። ሊኑክስ ግን የተነገረውን አመነ። ሲዲ ነኝ አለችው፣ ሲዲ ናት አለ፣ በዚያው ቀረ።

ወደዚያ ምሽት ልመለስ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ሦስት ሆነን ላብ ውስጥ ተቀምጠናል። ስንሰካት ዴስክቶፑ ላይ የሲዲ ምልክት ብቅ ይላል፤ ሌላ ምንም የለም። ነቅለን እንሰካለን፣ ኮምፒውተር እንቀይራለን። በዩኤስቢ ላይ ያሉትን ዕቃዎች የሚዘረዝረውን ትዕዛዝ እየሰጠን የሞደሟን መለያ ቁጥር በቃላችን ይዘነዋል፤ መጨረሻው 2000 ነው። መፍትሔውን ኢንተርኔት ላይ እንዳንፈልግ ኢንተርኔት የለም። ኢንተርኔት ለማግኘት ኢንተርኔት ያስፈልግ ነበር።

እትዬ 2 ሰዓት ላይ ላቡን ሊቆልፉ መጡ። ነገሩን ነገርናቸው። ቦርሳቸውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ስክሪኑን አዩ።

«ይሄ ሲዲ ከየት መጣ?»

«ሞደሟ ናት፣ እትዬ» አልኳቸው።

«ሲዲ የሚሆን ሞደም አላውቅም። በሉ አስወጡት ይሄን።»

እኔ ሳቄ መጣ። የሌለ ሲዲ እንዴት ይወጣል? እሳቸው ግን ማውሱን ተቀብለውኝ ምልክቱን በቀኝ ጠቅ አደረጉና «ኢጀክት» የሚለውን መረጡ። ምልክቱ ጠፋ። ጥቂት ሴኮንዶች ቆይቶ የሞደሟ መብራት ተለወጠ። ዝርዝሩን ደግመን ስናወጣ 2000 የነበረው ቁጥር 0031 ሆኗል። ዕቃዋ ያቺው ናት፣ መታወቂያዋ ግን ሌላ ነው። የዊንዶውሱ ፕሮግራም የሚልከው ድብቅ ትዕዛዝ፣ ቢያንስ በእኛዋ ሞደም ላይ፣ ከ«ሲዲውን አስወጣ» የተለየ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያለውን እኔም ረድቻለሁ። ሊኑክስ አዲሱን መለያ ስለማያውቀው ለአጠቃላዩ የዩኤስቢ ሲሪያል ድራይቨር የአምራቹንና የዕቃውን ቁጥር በእጃችን ሰጠነው፤ አራት መስመሮች ተከፈቱ። የትኛው ነው የሚሰማው? እትዬ በተርሚናል በየተራ «ኤቲ» እያሉ ጻፉ። የመጀመሪያው ዝም። ሁለተኛው ዝም። ሦስተኛው «ኦኬ» አለ። እትዬ ፈገግ አሉ፤ የድሮ ወዳጅ ድምፅ የሰሙ ነበር የሚመስሉት። ለካ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ እኛ ገና ፊደል ስንቆጥር፣ የዲፓርትመንቱን የስልክ መስመር ሞደም ያስተዳድሩ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ትዕዛዞቹን ከያኔው መመሪያ ላይ በደብተር ገልብጠዋቸው ነበር። ደብተሩ መሳቢያቸው ውስጥ ነው።

የሲግናሉን ጥንካሬ የሚጠይቀውን አዲሱን ትዕዛዝ ግን አላወቁትም፤ እሱን እኔ ከሞባይል ኮርሳችን አስታወስኩት። መልሱ ከ0 እስከ 31 ባለው መካከል ይሰጣል፣ 99 ካለ ደግሞ አይታወቅም ማለት ነው። 6 አለን። ሞደሟን በዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ አስረን መስኮቱ ብረት ላይ ስንሰቅላት 15 ደረሰ። ኤፒኤኑን በስልኩ ኢንተርኔት ይጠቀም ከነበረ ልጅ ሴቲንግ ላይ አየነው። መደወያውን ስክሪፕት እትዬ ከደብተራቸው እያዩ አዘዙኝ፣ እኔ ጻፍኩ። የሚያገናኘን ፕሮቶኮል ፒፒፒ የሚባለው ሲሆን የመጀመሪያው ሰነዱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ ከሊኑክስ ራሱ ሁለት ዓመት ይቀድማል።

ደወልን። ተገናኘ። ግን አንድም ገጽ አይከፈትም። ሰዓቱ 5 ተኩል አልፏል፤ ልጅቷ ማልቀስ ጀምራለች። የስህተቱን መዝገብ ሳነብ ነገሩ ገባኝ፦ ኮምፒውተሩ አሁንም መንገዱ በሞተው የግቢ ኬብል በኩል ነው ብሎ ያምናል፤ ፒፒፒም የነበረውን መንገድ ላለመንካት ወስኗል። እትዬ ጎንበስ ብለው የኔትወርኩን ኬብል ከኋላ ነቀሉት። «ውሃ የማይመጣበትን ቧንቧ ምን ያደርግላችኋል?» አሉ። እንደገና ስንደውል በቁጥር የጠራነው አድራሻ መለሰ፣ በስም የጠራነው ግን አልመለሰም። የዲኤንኤስ አድራሻዎቹን ከአቅራቢው እንዲቀበል የሚያደርገውን አንድ ቃል ስክሪፕቱ ላይ ረስቼው ኖሯል። ጨመርኩት። ገጹ ከላይ ወደ ታች በዝግታ መሳል ጀመረ።

ፋይሏ ሁለት ሜጋባይት አይሞላም። በዚያ ፍጥነት አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀ። ጥበቃው ጋሼ መብራት ለማጥፋት መጥተው የሁላችንንም ፊት ሲያዩ ሳይናገሩ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት አልፎ «ማመልከቻዎ ደርሶናል» የሚለው ጽሑፍ ወጣ። ልጅቷ እትዬ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ዛሬ ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ መምህራን አንዷ ናት።

በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ስንት ሰው በዚያች ሞደም ኢሜይል ላከ! ቅደም ተከተሉን በንጹህ ወረቀት ገልብጬ ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ጽሑፉ የእኔ እጅ ስለነበር ሥራውም የእኔ ተባለ። ኃላፊዎች አመሰገኑኝ፤ በምረቃችን ሰሞንም ስሜ ተነሳ። «ያስወጧት እትዬ ናቸው» ለማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። አላልኩም። ሥራ ስፈልግ ሲቪዬ ላይ ሳይቀር ጻፍኩት።

በኋላ ኢንተርኔቱ ሲመለስ ሳነብ፣ ዮሱዋ ዲትሰ የተባለ ሰው ይህንኑ መታወቂያ የማስቀየር ሥራ ለብዙ ዓይነት ሞደሞች የሚሠራ «ዩኤስቢ ሞድስዊች» የሚባል ነፃ ፕሮግራም ጽፎ አገኘሁ። ከእኛ ቀጥሎ የወጣው ኡቡንቱ 8.10 ደግሞ የሞባይል ኢንተርኔትን በጥቂት ጠቅታ የሚያስጀምር ኔትወርክ ማኔጀር ይዞ ነበር። እኛ ያን ሌሊት ያደረግነው እንግዲህ በዓለም ደረጃ አዲስ ግኝት አልነበረም። ለእኛ ግን መስመሩ በተቆረጠበት ከተማ፣ ያለ አንዳች መረጃ፣ ባለን ዕቃ ብቻ የተፈታ ችግር ነው። የፈታውም የእኛ የአራት ዓመት ትምህርት ብቻውን አልነበረም፤ አንድ የቆየ ደብተርና «ሲዲ ከሆነ ይውጣ» የሚል ቀጥተኛ ሐሳብ ነው።

እትዬን ከሁለት ወር በፊት ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኋቸው። ጡረታ ወጥተዋል። ይህን ልጽፍ መሆኑን ስነግራቸው ሳቁና «ስሜን ግን እንዳትጽፍ፤ እኔ ተመራቂ አይደለሁም፣ ምን ብዬ እዚያ እገባለሁ?» አሉኝ። ቃሌን ጠብቄ ስማቸውን አልጻፍኩም። ጥያቄያቸው ግን አብሮኝ መጣ። በማኅበራችን መተዳደሪያ ደንብ አባል የሚሆነው ተመራቂ ነው፤ መምህራን ደግሞ በክብር ይጋበዛሉ። የላብ ቴክኒሻኖች፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች፣ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት መብራት ያላጠፉብን ጥበቃዎች የትኛውም ዝርዝር ውስጥ የሉም። የዘንድሮው ጠቅላላ ጉባኤ ይህን እንዲነጋገርበት ለሥራ አስፈጻሚው በጽሑፍ አቅርቤአለሁ፤ የምትደግፉኝ ካላችሁ እጃችሁን አውጡልኝ።

ደብተራቸውን አሳይተውኛል። ሽፋኑ ተቀዷል፣ ገጾቹ ቢጫ ሆነዋል። ከመጨረሻዎቹ ገጾች በአንዱ ላይ፣ ከስልክ ሞደሙ ትዕዛዞች በታች፣ በሌላ ቀለም እስክሪብቶ የተጨመረ መስመር አየሁ፦ «ጥር 2003፣ በመጀመሪያ ሲዲውን ማስወጣት»። ያን ሌሊት እሳቸውም ጽፈውታል። የግድግዳውን ወረቀት የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ሲዲውን ያወጡት እሳቸው ናቸው። የሚቀጥለው የላቡ ታሪክ ሲጻፍ ይህ እንዲታረም እጠይቃለሁ።