ፋን ኮይል፦ ኮርኒሱ ከመዘጋቱ በፊት መጠናቀቅ ያለባቸው ሥራዎች

በእስራኤል በሚገኙ ብዙ ቢሮዎች፣ ሆቴሎችና ሆስፒታሎች ከኮርኒሱ በላይ ተሰቅሎ ክፍሉን የሚያቀዘቅዘውና የሚያሞቀው መሣሪያ ፋን ኮይል ይባላል። የዕብራይስጥ ስሙ «ማፑአኽ ናኽሾን» ነው። ብዙውን ጊዜ ይህ መሣሪያ ችግር የሚያመጣው በራሱ ብልሽት ሳይሆን ሲተከል በተዘለለ ትንሽ ሥራ ነው። ኮርኒሱ ከተዘጋ በኋላ ስህተቱ የሚታወቀው ውኃ መንጠባጠብ ሲጀምር ነው።

አሠራሩ

በተለመደው የቤት ማዝጋን ውስጥ የሚዞረው ጋዝ ነው። በፋን ኮይል ውስጥ ግን የሚዞረው ውኃ ነው። በሕንፃው ጣሪያ ወይም ምድር ቤት ያለው ማዕከላዊ ማቀዝቀዣ (ቺለር) ውኃውን ወደ 7 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ አቀዝቅዞ በቧንቧ ይልካል። ውኃው በመሣሪያው ውስጥ ባለው ጥምዝምዝ የመዳብ ቱቦ ሲያልፍ፣ ማራገቢያው የክፍሉን አየር በቱቦው ላይ ይነፋል። አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ውኃውም 12 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ይመለሳል። በብርድ ወራት ሙቅ ውኃ ይላካል።

ሁለት ቧንቧ ያለው መሣሪያ እንደ ወቅቱ ወይ ቀዝቃዛ ወይ ሙቅ ውኃ ይቀበላል። አራት ቧንቧ ያለው ግን ለሁለቱም የተለያየ መስመር ስላለው፣ በአንድ ሕንፃ ውስጥ አንዱ ክፍል ሲሞቅ ሌላው ሊቀዘቅዝ ይችላል።

የውኃው መጠን በሂሳብ ይታወቃል። የመግቢያና የመውጫ ልዩነቱ 5 ዲግሪ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ 1 ኪሎዋት ማቀዝቀዣ በሰዓት 172 ሊትር ያህል ያስፈልጋል። ስለዚህ 5 ኪሎዋት የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ በሰዓት 860 ሊትር ያህል ማግኘት አለበት። ቧንቧው ከቀጠነ ወይም ማጣሪያው ከተደፈነ ማራገቢያው ቢጮህም ክፍሉ አይቀዘቅዝም።

አሰቃቀል

መሣሪያው በጠንካራው ኮንክሪት ላይ በተተከሉ ጥርስ ባላቸው ዘንጎች ይሰቀላል እንጂ በኮርኒሱ ፍሬም ላይ አይንጠለጠልም። ንዝረቱ ወደ ክፍሉ እንዳይተላለፍ በመካከል ጎማ ይደረጋል። ውኃ ልክ አስቀምጦ ማስተካከል የግድ ነው፤ የውኃ መቀበያው ትሪ ከማፍሰሻው በተቃራኒ ካዘነበለ ውኃው መውጫ ያጣል። ማጣሪያውን፣ ሞተሩንና ቫልቮቹን ለመድረስ የሚያስችል መክፈቻም በኮርኒሱ ላይ መተው አለበት።

በእስራኤል በወጣው የ2007 ደንብ መሠረት፣ ከ2 ሜትር በላይ ወድቆ የመጎዳት አደጋ ባለበት ቦታ መሥራት የከፍታ ሥራ ይባላል፤ ሠራተኛውም ለዚህ ሥልጠና ሊኖረው ይገባል።

የውኃው መስመር

በመግቢያውና በመውጫው ላይ መዝጊያ ቫልቭ ይገጠማል፤ ካልተገጠመ አንዱን መሣሪያ ለመጠገን የሌሎቹም ውኃ ይዘጋል። ከመግቢያው በፊት ቆሻሻ የሚይዝ ማጣሪያ ያስፈልጋል። ሲጠብቅ ሁለት መፍቻ መያዝ ይገባል፦ አንዱ የመሣሪያውን አንገት ይይዛል፣ ሌላው ያጠብቃል። በአንድ መፍቻ ብቻ ከተጠበቀ የመዳብ ቱቦው ተጠማዞ ይሰነጠቃል።

አዲሱ መስመር ሲታጠብ ቆሻሻው በመሣሪያው ውስጥ ማለፍ የለበትም። ከዚያ መስመሩ በግፊት ይፈተሻል፤ የተለመደው መጠን ከሥራው ግፊት አንድ ተኩል እጥፍ ነው። በመጨረሻም ከላይ ባለው መተንፈሻ አየሩ ይወጣል። የቀረ አየር ውኃውን ይዘጋል፣ የመንቆርቆር ድምፅም ያሰማል።

ማፍሰሻና የስፖንጅ ሽፋን

24 ዲግሪ ሙቀትና 50 በመቶ እርጥበት ባለው ክፍል ውስጥ፣ አየሩ ከ13 ዲግሪ ገደማ በታች የቀዘቀዘ ነገር ሲነካ ውኃ ያወጣል። 7 ዲግሪ የሆነ ቧንቧ ስለዚህ ያልበዋል። እንደ ቴል አቪቭ ባሉ የባሕር ዳር ከተሞች የበጋው እርጥበት ከፍተኛ ስለሆነ ላቡ ይብሳል። ቧንቧው ብቻ ሳይሆን ቫልቮቹና መጋጠሚያዎቹም ያለ ክፍተት በስፖንጅ መሸፈን አለባቸው። ሽፋኑ የሚደረገው ከግፊት ፍተሻው በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከተሸፈነ የሚያፈሰው መጋጠሚያ አይታይም።

የማፍሰሻው ቧንቧ በእያንዳንዱ ሜትር ቢያንስ 1 ሴንቲሜትር ወደ ታች ማዘንበል አለበት። ከፍሳሽ መስመር ጋር ሲገናኝ ሽታ እንዳይመለስ ውኃ የሚይዝ ማጠፊያ (ሲፎን) ይደረግበታል። ፈተናው ቀላል ነው፦ ትሪው ላይ አንድ ሁለት ሊትር ውኃ አፍስሶ ሁሉም መውረዱን ማየት።

ኤሌክትሪክ

በ1954 በወጣው የኤሌክትሪክ ሕግ መሠረት የኤሌክትሪክ ሥራ የሚሠራው ፈቃድ (ሪሺዮን) ያለው ባለሙያ ብቻ ነው። ቧንቧውን የገጠመ ሠራተኛ «ሦስት ሽቦ ብቻ ነው» ተብሎ ቢጠየቅም መሥራት የለበትም፤ 230 ቮልት ይገድላል። የምድር ሽቦ መገናኘት አለበት፤ በአቅራቢያም ለጥገና ኃይሉን የሚያቋርጥ ማጥፊያ ያስፈልጋል።

ባለ ሦስት ፍጥነት ሞተር ላይ በአንድ ጊዜ ኃይል የሚያገኘው አንዱ የፍጥነት ሽቦ ብቻ ነው። ሁለት እንዲህ ያሉ ሞተሮች በቀጥታ ከአንድ ቴርሞስታት ጋር ከታሰሩ፣ ኃይል ከአንዱ ወደ ሌላው ተመልሶ ሞተሮቹን ሊያቃጥል ይችላል። ለእያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ሪሌ መኖር አለበት።

ከመዘጋቱ በፊት

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ የግፊት ፍተሻ፣ አየር ማስወጣት፣ ውኃ በትሪው ማፍሰስ፣ የስፖንጁን ሽፋን መጨረስ፣ ማራገቢያውን በሦስቱም ፍጥነት ማስነሳት። እያንዳንዱን ፎቶ አንስቶ ከነቀኑ ማስቀመጥ ሠራተኛውን ይጠቅመዋል። ከወራት በኋላ ኮርኒሱ ላይ እድፍ ሲታይ መጀመሪያ የሚጠየቀው የሰቀለው ሰው ነውና፣ ሥራውን በትክክል ማስረከቡን የሚያሳይለት ያ ፎቶ ነው።