ከደብር ስሙን የወሰደ የኳስ ማኅበር

የቅዱስ ጊዮርጊስ ስምና የዐድዋ ድል ለዋግ ሕዝብ የቅርብ ነገር ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ የሰማዕቱ ወርኃዊ በዓል በዋለበት ዕለት፣ የዐድዋ ጦርነት በሆነ ጊዜ ዋግሹም ጓንጉል የዋግን ሠራዊት አስከትለው ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር ተሰልፈዋል። ለዚያ ድል መታሰቢያ በአዲስ አበባ፣ በአራዳ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ታነጸ። በዚሁ ደብር ስም የተጠራ የእግር ኳስ ማኅበርም ከአራዳ ተነሣ። ታሪኩ ለኒሯቅና ለሰቆጣ ወጣቶች የሚሆን ትምህርት አለበት።

በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. ጆርጅ ዱካስና አየለ አትናሽ የሚባሉ ሁለት ወዳጆች ማኅበሩን መሠረቱ። በዚያን ጊዜ የአገሪቱን ኳስ የሚያስተዳድር ፌዴሬሽን አልነበረም፤ ሊግ የሚባል ነገርም አልነበረም። የጊዜውም ሁኔታ የጨዋታ አልነበረም፤ ጠላት የሰሜኑን ወሰን ከተሻገረ ሦስት ወር ገና አልሞላውምና።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባ ገባ። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በከተማው ሕዝብ ላይ እልቂት በተፈጸመ ጊዜ የአራዳው ቤተ ክርስቲያን በእሳት ተቃጠለ። በዋግም ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በአርበኝነት ሲዋጉ ቆይተው በመስከረም 1930 ዓ.ም. ስለ አገራቸው ነፍሳቸውን ሰጡ።

ኳስ ተጫዋቾቹ የደረሰባቸው ነገር ከዚህ መከራ ጋር የሚመዛዘን አይደለም፤ ይሁን እንጂ ከዚያው ክፉ ምንጭ የፈለቀ ነው። ገዢዎቹ የኢትዮጵያውያን የኳስ ማኅበራት የኢጣልያ ስም እንዲይዙ አዘዙ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስም «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ተባለ። ሊቶሪዮ ማለት የፋሺስቶችን ምልክት፣ በመጥረቢያ ላይ የታሰረውን የበትር ነዶ፣ የሚያመለክት ቃል ነው። ስም መነጠቅ ቀላል የሚመስለው ላልተነጠቀ ሰው ነው። ሰው በስሙ የማን ወገን እንደ ሆነ ይታወቃልና፣ ስሙን የሚለውጥበት ሁሉ ወገኑን ሊያስረሳው ይሻል።

ነገር ግን አልተረሳም። አገሪቱ በ1933 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላ ማኅበሩ በቀድሞ ስሙ ተጠራ። በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው የሻምፒዮና ውድድር ሲደረግ አምስት ቡድኖች ተሰለፉ፤ እነርሱም የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን፣ የኢጣልያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ ናቸው። ዋንጫውን የእንግሊዞቹ ቡድን ወሰደ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ግን ታግሦ በ1942 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የሻምፒዮንነት ክብር አገኘ።

ከተጫዋቾቹም መካከል ይድነቃቸው ተሰማ ከሁሉ ይልቅ ስማቸው ገነነ። በጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ፣ ይኸውም ግብፅን፣ 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ የቡድኑ አሠልጣኝ እርሳቸው ነበሩ። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ክብር በሁለት ወዳጆች ስምምነት ተጀመረ። በትንሽ ከተማ ኳስ የሚጫወት ወጣት ቡድኑ በሊግ ባይመዘገብ፣ ሜዳውም ድንጋያማ ቢሆን አይፈር። የአራዳ ልጆች ሲጀምሩ ሊግ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ኅብረትና ሊጠብቁት የሚገባ ስም ነው። ደብር ለልጆቹ ከሚያወርሰው ሀብት አንዱ መልካም ስም ነውና፣ የተቀበለው ሁሉ በጨዋታም ቢሆን ሳያጎድፍ ይጠብቀው።