የቢንያም ሰባት አንቀጾች

ለንደን ውስጥ ስለ ፀረ ሽብር ሕግና ስለ ሰብአዊ መብት ሲከራከሩ ብዙዎች የሚያነሡት የሕጉን ቃል ነው፤ ተጠርጣሪ ስንት ቀን ይታሰር፣ ፖሊስ በምን ምክንያት ይፈትሽ ይላሉ። የቢንያም መሐመድ መዝገብ ግን ዋናው ጥያቄ ሌላ መሆኑን ያሳያል፦ መንግሥት የቆለፈበትን ወረቀት ዳኛ «አውጣ» ማለት ይችላል ወይ? ቢንያም ኢትዮጵያ ተወልዶ በ1994 እ.ኤ.አ. (ዓመቶቹ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በእንግሊዝ ጥገኝነት ጠየቀ፤ በ2002 ካራቺ አውሮፕላን ማረፊያ ተያዘ። እዚያው እስር ላይ ሳለ ከአሜሪካ መርማሪዎች ሌላ አንድ የብሪታንያ ደኅንነት ባልደረባ መረመረው። ከዚያ ወደ ሞሮኮ፣ ወደ ካቡል፣ በመጨረሻም ወደ አሜሪካው እስር ቤት ወደ ጓንታናሞ ተወሰደ፤ አሜሪካም በሽብር ከሰሰችው። ሞሮኮ ውስጥ ገላውን በምላጭ እንደተለተሉት ተናግሯል። ጠበቆቹ የለንደኑን ፍርድ ቤት የጠየቁት አንድ ነገር ነበር፦ ቃሉ በስቃይ የተወሰደ መሆኑን የሚያሳዩ በመንግሥት እጅ ያሉ ሰነዶች ይሰጡን። በኦገስት 2008 ከፍተኛው ፍርድ ቤት የብሪታንያ ድርሻ ከተመልካችነት ያለፈ ነበር፣ ሰነዶቹም ለመከላከያው የግድ ያስፈልጋሉ አለ። በኦክቶበር አሜሪካ ክሱን አነሣች፤ በፌብሩዋሪ 2009 ቢንያም ለንደን ተመለሰ።

የቀረው ክርክር ከፍርዱ ጽሑፍ ተቆርጠው በወጡ ሰባት አጫጭር አንቀጾች ላይ ነበር፤ አሜሪካውያን ስለ አያያዙ ለብሪታንያ የነገሩትን ዳኞቹ ያጠቃለሉባቸው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዴቪድ ሚሊባንድ ወዳጅ አገር በምስጢር የሰጠን ከታተመ ሁለተኛ አይነግረንም ሲል ተሟገተ። ይህ የሚናቅ ስጋት አይደለም፤ በጁላይ 2005 የለንደን ባቡሮችና አውቶቡስ ላይ የፈነዱት ቦምቦች 52 ሰው ገድለዋል። ነገር ግን አንቀጾቹ ውስጥ የሰላይ ስም አልነበረም፤ የነበረው እንቅልፍ ስለ መንሣት፣ ስለ ማስፈራራትና ስለ እግር ብረት ነው። በፌብሩዋሪ 2010 ይግባኝ ሰሚው እንዲታተሙ አዘዘ። ያን ያደረገው አንዲት የአሜሪካ ዳኛ ጉዳዩን አስቀድማ ይፋ ስላወጣች ነው የሚል ይኖራል፤ በከፊል እውነት ነው። የ2008ቱ ውሳኔ ግን ከእሷ ፍርድ ከአንድ ዓመት በላይ ይቀድማል።

ወደ ቢንያም የትውልድ አገር ስንመጣ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት በ2009 ያወጣውንና በ2020 የተሻረውን የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ 652 ከብሪታንያና ከሌሎች አገሮች ሕግ የተቀዳ ነው እያለ ሲከላከልለት ነበር። የተቀዳው ግን ቃሉ ነው፤ የደኅንነት መሥሪያ ቤትን ፋይል የሚያስከፍት ችሎት አብሮ አልመጣም። ለንደንም ቢሆን በዚያው አልቆየችም። በ2013 የወጣው የፍትሕና የደኅንነት ሕግ፣ በፍትሐ ብሔር ክርክር መንግሥት ምስጢር ያለውን ማስረጃ ተከራካሪው በሌለበት ዝግ ችሎት እንዲያቀርብ ፈቀደ፤ ዛሬ ሌላ ቢንያም ያንኑ ማመልከቻ ይዞ ቢመጣ፣ የደኅንነቱን ሰነድ እንዳያሰጠው ዳኛውን የሚከለክለው ራሱ ሕጉ ነው።