የዱር ምግብና የልጆች ዕውቀት፦ ከከብት መሰማሪያ እስከ መማሪያ ክፍል

በኢትዮጵያ ዘመናዊ ትምህርት ቤት በ1900ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ከተከፈተ በኋላም ቢሆን፣ ለብዙ ዘመን የአብዛኛው የገጠር ልጅ የመጀመሪያ መማሪያ ስፍራ የከብት መሰማሪያው ሜዳ ነበር። እረኛው የተቋጠረለት ስንቅ ሲያልቅበት በደጋ ቀጋና እንጆሪ፣ በወይና ደጋ አጋም፣ በወንዝ ዳር ዶቅማና ሾላ፣ በቆላ ቁርቁራና እንኮይ እየለቀመ ይውል ነበር። ይህ ልማድ እንደ ተራ የልጅነት ጨዋታ ቢቆጠርም፣ በውስጡ ሥርዓት ያለው ዕውቀት ነበረበት።

የዕውቀቱ መሠረት አስተውሎ መለየት ነው። አጋም ሲቀነጠስ ነጭ ወተት ያወጣል፤ ቅንጭብም እንዲሁ። ይሁን እንጂ የበሰለ የአጋም ፍሬ ሲበላ፣ የቅንጭብ ወተት ዓይንን ክፉኛ ይጎዳል። እምቧይ ሲበስል ቢጫ ሆኖ ዓይን ይስባል፤ ግን አይበላም። ሳማ በጥሬው ይለበልባል፤ ለጋ ቅጠሉ ሲቀቀል ግን ምግብ ይሆናል። ስለሆነም ልጁ በአንድ ምልክት ብቻ ከመፍረድ ተቆጥቦ ቅጠሉን፣ እሾሁን፣ ፍሬውን፣ ወቅቱንና የበቀለበትን ስፍራ አጣምሮ መመርመርን ይማራል። ይህም ከዕፅዋት ሳይንስ የአመዳደብ ዘዴ ጋር የሚቀራረብ ነው።

የዚህ ዕውቀት ዋጋ ጎልቶ የሚታየው በችግር ጊዜ ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በዘለቀው «ክፉ ቀን» የከብት በሽታ በሬዎችን ፈጅቶ እርሻ ሲቆም፣ ድርቅና አንበጣም ሲጨመርበት፣ ብዙ ሕዝብ የዱር ቅጠልና ሥራ ሥር ለመብላት ተገድዶ ነበር። የዱር ምግብ እልቂቱን አላስቀረም፤ የጎተራን ቦታም ሊተካ አይችልም። ነገር ግን በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚበላውን ከማይበላው መለየት የሕይወትና የሞት ጉዳይ ይሆናል።

ትምህርት ቤት ሲስፋፋ ልጁ ከእረኝነት ወደ ክፍል መግባቱ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ከታላቅ ወደ ታናሽ በቃል ይተላለፍ የነበረው ይህ ዕውቀት በመማሪያ መጽሐፍ በቂ ቦታ ካላገኘ፣ አንድ ትውልድ ሳይማረው ሲቀር ይቋረጣል። የደን መመናመንም መጥፋቱን ያፋጥነዋል።

በመሆኑም የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች የየአካባቢውን የዱር ምግብ ዕፅዋት በሳይንስ ትምህርት ውስጥ ቢያካትቱ፣ መምህራንም ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጋር ተማክረው ተማሪዎችን በመስክ ቢያስተምሩ ይጠቅማል። ነገር ግን ዐዋቂ ሳያረጋግጥ ማንም ልጅ እንዳይቀምስ ጥብቅ ደንብ ሊኖር ይገባል፤ ይህ ጥንቃቄ ራሱ የትምህርቱ ዋና ክፍል ነውና።