የመሬት መዝገብ ቀጣና፦ ገዥ የሌለው ወሰን

እንግሊዞች አውስትራሊያን ሲይዙ አገሩን «ካውንቲ» እያሉ ሸነሸኑት። የመጀመሪያው ኩምበርላንድ እ.ኤ.አ. በ1788 ታወጀ፤ በ1829 በኒው ሳውዝ ዌልስ 19 ደርሰው ነበር፤ ሰፋሪ መሬት እንዲይዝ የሚፈቀድለትም በእነዚህ ውስጥ ብቻ ነበር። እነዚህ ካውንቲዎች አስተዳዳሪም ምክር ቤትም የላቸውም፤ ሥራቸው በመሬት ሰነድ ላይ ቦታውን መግለጽ ነው። «ካዳስትራል ካውንቲ» የሚባለው ይህ ነው። «አውራጃ» ብሎ መተርጎም ይቀላል፤ ነገር ግን ከ1934 ዓ.ም. ድንጋጌ ወዲህ አውራጃ ሲባል አንባቢ የሚያስበው ከጠቅላይ ግዛት በታች፣ ከወረዳ በላይ ያለውን፣ ገዥ የተሾመለትን እርከን ነው። ስለዚህ «የመሬት መዝገብ ቀጣና» ብንለው ይሻላል እላለሁ፤ ለመዝገብ እንጂ ለሹመት አለመሰመሩ ከስሙ ይታወቃል።

ቃሉ ለእኛ ምን ይሠራል ለሚል ገረሴን እጠቅሳለሁ። ገረሴ የቦንኬ ወረዳ ከተማ ነበረች፤ በቅርብ ዓመታት ገረሴ ዙሪያ ራሱን ችሎ ወረዳ ሆነ። ከበላይዋ ደግሞ ጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት፣ ክፍለ ሀገር፣ ሰሜን ኦሞ ዞን፣ ጋሞ ጎፋ ዞን፣ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ጋሞ ዞን፣ ከ2015 ጀምሮም ደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተፈራርቀዋል። ይህ ሁሉ በአንድ ሰው ዕድሜ ሲሆን ከቤቱ ጓሮ ያለው የእንሰት ማሳ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። የማሳው መለያ ከወረዳና ከቀበሌ ስም ጋር ከተጣበቀ ወረዳ በተከፈለ ቁጥር ሰነዱ ይናጋል። ኮምፒውተር ኮዱን በቀላሉ ይቀይራል የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው፤ በገበሬው እጅ ያለው የይዞታ ደብተርና በፍርድ ቤት መዝገብ የተያያዘው ቅጂ ግን አብረው አይታደሱም።

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ይህ የቅኝ ገዥ መሣሪያ ነው፣ ነባሩን ሕዝብ ያፈናቀለ። ትክክል ነው፤ በእኛም ደቡብ ቀላድ ተጥሎ መሬት በጋሻ ሲለካ፣ ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ ተብሎ ሲመደብ ልኬቱ በቅድሚያ ያገለገለው ግብር ሰብሳቢውንና ባለርስቱን ነበር። ጋሞ ደጋ ደግሞ ባዶ ሰሌዳ አይደለም፤ ደሬ የሚባለው እያንዳንዱ ነባር ማኅበረሰብ የራሱ ወሰን፣ ሕዝቡ የሚመክርበት ዱቡሻም አለው። ስለዚህ ደሬን «መዝገብ ቀጣና» ብሎ መሰየም ማኅበረሰቡን ወደ ካርታ መስመር ማውረድ ይሆናል። የቀጣናው መስመር ግን በተቻለ መጠን የደሬውን ወሰን ይከተል፤ ቀያሹም ከአየር ፎቶው በፊት የወሰኑን ድንጋይ የሚያውቁትን ሽማግሌዎች ይጠይቅ።