ውጫሌ 1881፦ የአንድ ቃል ጣጣ

የዛሬው ንግግራችን ስለ 1881 ዓ.ም. ነው። ያ ዓመት ለአገራችን ከባድ ነበር። በመጋቢት ወር ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከድርቡሽ ጋር ሲዋጉ ወደቁ። ከባሕር ማዶ በመጡ ከብቶች በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውን ይፈጅ ጀመር፤ ገበሬው የሚያርስበት አጣ፤ አያቶቻችን «ክፉ ቀን» ያሉት ረሀብ መጣ። ከ1877 ዓ.ም. ጀምሮ ምጽዋን የያዘው ጣልያንም ይህን ሁሉ ያያል።

በዚህ መካከል፣ ሚያዝያ 25 ቀን፣ ዐፄ ምኒልክ ከጣልያኑ መልክተኛ ከአንቶኔሊ ጋር 20 አንቀጽ ያለው ውል ተዋዋሉ። ቦታው ሩቅ አይደለም። ከከሚሴ ተነሥቶ ኮምቦልቻን፣ ደሴንና ሐይቅን ያለፈ መንገደኛ ውጫሌን ያገኛታል።

ውሉ በአማርኛና በጣልያንኛ ተጻፈ። ጣጣው ያለው 17ኛው አንቀጽ ላይ ነው። አማርኛው፣ የኢትዮጵያ ንጉሥ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በጣልያን በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ቢፈልጉ ነው፤ ባይፈልጉ ይተዉታል። ጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በራሱ አፍ የማይናገር መንግሥት ምኑን መንግሥት ሆነ? ጣልያን በ1882 መግቢያ ይህንኑ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታውቆ፣ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት አለ። በታኅሣሥም የያዘውን የሰሜን ምድር ኤርትራ ብሎ ቅኝ ግዛቱ አደረገው።

ዐፄ ምኒልክ መንገሣቸውን ለውጭ ነገሥታት ቢጽፉ፣ «በጣልያን በኩል ይምጣ» የሚል መልስ መጣላቸው። ተከራከሩ፤ በየካቲት 1885 ውሉን አፈረሱ። የቀረውን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓድዋ ላይ ጦር ፈረደው። በጥቅምት 1889 አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው ውል የውጫሌው ተሻረ። ኤርትራ ግን በጣልያን እጅ ቀረች።

አድማጮቼ፣ በኛ በከሚሴ ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ገበያ ይውላሉ። ቃል ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር እንደሚያዳልጠው እናንተ ታውቁታላችሁ። ጸሐፊና አስተርጓሚ ያለው ቤተ መንግሥት እንኳ እንዲህ ከገጠመው፣ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ በማያነበው ወረቀት ላይ የሚያሳርፍ ሰው እንዴት ይሁን? የመሬት ኪራይ ውልም ይሁን የብድር ወረቀት፣ በግዕዝ ፊደልም ይጻፍ በቁቤ፣ ባለቤቱ ራሱ ማንበብ አለበት።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ደብተራችሁን አውጡና ሁለት ነገር ጻፉ፦ «ይቻላል» እና «ግድ ነው»። ልዩነታቸውን ለቤተሰባችሁ አስረዱ። ለዛሬ በዚሁ ይብቃን። ደኅና ሁኑ።