ከንቲባው ለማን ይጠየቃል? የአዲስ አበባ ከንቲባነት ታሪክና ሚና



የአዲስ አበባ ከንቲቦች ታሪክ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀድመው የስም ዝርዝር ነው፤ ማን ከማን ቀጥሎ ተሾመ፣ ማን ስንት ዓመት ቆየ፣ ማን የትኛውን መንገድ አሠራ የሚል። ዝርዝሩ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ስለ ሰዎቹ እንጂ ስለ ሥልጣኑ ብዙ አይነግረንም። ዛሬ የማነሳው ጥያቄ ከንቲባው ሥልጣኑን የሚያገኘው ከማን ነው፣ የሚጠየቀውስ ለማን ነው የሚል ነው። የአዲስ አበባ ከንቲባነት ከቤተ መንግሥት የወረደ ሹመት ሆኖ ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ ሥልጣኑን ከነዋሪው ጋር ለማያያዝ ሦስት ትልልቅ ሙከራዎች ተደርገዋል፤ በሦስቱም ግን ከንቲባውን ወደ ላይ የሚያስረው ገመድ ወደ ታች ከሚያስረው ይበልጥ ጠንክሮ ቆይቷል። የዚህም ዋናው ምክንያት፣ እኔ እንደማየው፣ የከተማ መሬት ነው።

ከቃሉ እንጀምር። «ከንቲባ» ከአዲስ አበባ በብዙ ይበልጣል። በጎንደር ዘመነ መንግሥት የደንቢያን አገር የሚያስተዳድረው ሹም ከንቲባ ይባል ነበር፤ የጎንደር ከተማ ሹምም በዚሁ ማዕረግ ይጠራ ነበር። በሰሜን በኩል በሐባብ ሕዝብ ዘንድ ደግሞ «ከንቲባይ» የባላባት ማዕረግ ነበር። ስለዚህ ቃሉ መጀመሪያ ያመለከተው የአገር ገዥን ወይም የንጉሥን ሹም እንጂ የከተማ ሰዎች ከመካከላቸው መርጠው የሚያስቀምጡትን ሰው አይደለም። ማዕረጉ ከሰው ስም ጋር ተጣብቆ የሚኖር ክብርም ነበር። በአውሮፓ የተማሩት ገብሩ ደስታ በጎንደር በዚህ ማዕረግ ከተሾሙ በኋላ በታሪክ የሚታወቁት «ከንቲባ ገብሩ» ተብለው ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከተማነቷ የጦር ሰፈር መልክ ነበረው። እቴጌ ጣይቱ በፍል ውኃ አካባቢ ቤት ካሠሩ በኋላ ዳግማዊ ምኒልክ ለመኳንንቱና ለጦር አለቆቹ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ቦታ መሩ። እያንዳንዱ መኰንን ከነአሽከሩና ከነወታደሩ በተመራበት ቦታ ሰፈረ። ራስ መኰንን ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የሚሉት ስሞች የዚያ አሰፋፈር ምስክሮች ናቸው። በእንዲህ ያለ ከተማ ውስጥ ነዋሪው አቤት የሚለው ለሰፈሩ ጌታ ነው፤ የሰፈሩ ጌታም ለንጉሠ ነገሥቱ። ከሁሉም በላይ የሆነ የከተማ ሹም አስፈላጊ የሆነው ገበያውና መንገዱ ከአንድ ጌታ ግቢ ሲሰፉና የውጭ አገር ሰው ሲበዛ ነው።

የማዘጋጃ ቤት ሥራ መልክ እየያዘ የመጣው በ1900ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ሲሆን፣ በከንቲቦቹ ዝርዝር በመጀመሪያ የሚጠሩት ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ጎሹ ናቸው። ሆኖም ያ ከንቲባ በከተማው ላይ ብቸኛ ባለሥልጣን አልነበረም። ቀረጡና የነጋዴው ጉዳይ የነጋድራሱ ነበር። በጥር 1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው ውል የውጭ አገር ዜጎችን ጉዳይ ለልዩ ችሎት ስለሰጠ፣ የእነርሱ ክስ ከተራው ዳኝነት ውጭ ነበር። የመኳንንቱ ግቢም የራሱ ሥርዓት ነበረው። ለከንቲባው የቀሩለት መንገድ፣ ጽዳት፣ የቦታ ጉዳይና የሰፈር ጠብ ነበሩ።

እዚህ ላይ የስም ዝርዝሩን በሌላ ዓይን እንመልከተው። ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሲሰደዱ በጎሬ የቀረውን መንግሥት እንዲመሩ የተተዉ ሰው ናቸው። ከ1909 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ በማዘጋጃ ቤቱ በዲሬክተርነት የሠሩት ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በኋላ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። በከንቲባነት የሚታወሱት ነሲቡ ዘአማኑኤል በጣሊያን ወረራ ጊዜ የኦጋዴንን ጦር መርተዋል። ከነጻነት በኋላ የተሾሙት አርበኛው ታከለ ወልደ ሐዋርያት እስከ አፈ ንጉሥነት ደርሰዋል። በ1950 ዓ.ም. አካባቢ ከንቲባ የነበሩት የታሪክ ምሁሩ ደጃዝማች ዘውዴ ገብረ ሥላሴ ከዚያ በኋላ በሚኒስትርነትና በአምባሳደርነት አገልግለዋል። ሁሉም ከቤተ መንግሥት መጡ፤ ወደ ቤተ መንግሥት ሥራም ተመለሱ። ከንቲባነት ለእነዚህ ሰዎች በመንግሥት አገልግሎት መሰላል ላይ አንድ እርከን ነበር። ሹሙ ቀጣዩን እርከን የሚጠብቀው ከሿሚው ስለሆነ፣ ዓይኑም ወደዚያው ማየቱ አያስገርምም።

የጣሊያን ወረራ አምስት ዓመታት ለርእሳችን አንድ ትምህርት ይሰጣሉ። ወራሪው ከተማዪቱን በዘር ከፍሎ የአውሮፓውያንና የአገሬው ሰው ሰፈር በሚል ሊለያት አቀደ፤ የአራዳንም ገበያ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ ገፋው። ነዋሪው የሚጠየቅበት መንገድ ፈጽሞ በሌለበት የከተማ ሹም በጥቂት ዓመታት ውስጥ የከተማን መልክ ምን ያህል ሊለውጥ እንደሚችል ያኔ ታየ። ገበያውም ከነጻነት በኋላ ወደ አራዳ አልተመለሰም።

ከነጻነት በኋላ ከንቲባነት ለመጀመሪያ ጊዜ ዘመናዊ የሕግ መሠረት አገኘ። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአገር ግዛት አስተዳደር ድንጋጌ የከንቲባን ማዕረግ የሰጠው ለአዲስ አበባና ለጎንደር ብቻ ነው፤ የሌሎቹ ከተሞች ሹም የከተማ ሹም ተባለ። በ1937 ዓ.ም. የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74 ተከተለ። በ1940ዎቹ አጋማሽ ላይም ለአዲስ አበባ የራሷ ቻርተር ወጣ። የመጀመሪያው ሙከራ የምለው ይህንን ነው። ቻርተሩ ከሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ተወካዮች ጎን ለጎን የተመረጡ አባላት ያሉት ምክር ቤት አቋቋመ። ነገር ግን መምረጥ የሚችለው የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለው ነዋሪ ነበር፤ ከንቲባውን የሚሾመውም ንጉሠ ነገሥቱ። በከተማዪቱ የሚበዛው ሰው በኪራይ ቤት የሚኖር ስለነበር፣ ምክር ቤቱ የባለቦታዎች ድምፅ ሆነ። በ1950ዎቹ በአርክቴክት አርቱሮ መዜዲሚ ንድፍ በፒያሳ የተሠራው ግዙፉ የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ለአፍሪካ መዲና የሚገባ ነበር፤ ጭሰኛው ግን ወደዚያ ሕንፃ የሚገባው አቤቱታ ይዞ እንጂ ድምፅ ይዞ አልነበረም።

ሁለተኛው ሙከራ የመጣው ከአብዮቱ ጋር ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ፤ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትንም፣ ማለትም ቀበሌዎችን፣ ፈጠረ። ወርሃዊ ኪራያቸው እስከ መቶ ብር የሆኑ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። በ1969 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 104 ደግሞ ከቀበሌ ወደ ከፍተኛ፣ ከከፍተኛ ወደ ከተማ ምክር ቤት የሚወጣ የምርጫ መሰላል ዘረጋ። በወረቀት ላይ ሲታይ ይህ ከታች የሚነሣ ሥልጣን ነበር፤ ድሀው ተከራይ ለመጀመሪያ ጊዜ መራጭና ተመራጭ ሆነ። በተግባር ግን ቀበሌው ብዙም ሳይቆይ የጥበቃ፣ የእስርና የስኳር እደላ መሥሪያ ቤት ሆነ፤ በዘመነ ቀይ ሽብርም ነዋሪው የሚፈራው ደጃፍ ነበር። ከንቲባውም የደርግ፣ በኋላም የፓርቲው ሰው ነበር። አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፤ ተከራዩ ከባለቤቱ ነጻ ወጣ፣ ነገር ግን የቀበሌ ተከራይ ሆነ። ቤቱን የሰጠው አካል ተጠሪው ሳይሆን አከራዩ ነበር።

ሦስተኛው ሙከራ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 49 የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ራሳቸውን በራሳቸው የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን እንዳላቸው ይደነግጋል። ይኸው አንቀጽ የከተማው አስተዳደር ተጠሪነት ለፌዴራል መንግሥት መሆኑን፣ የኦሮሚያ ክልል ልዩ ጥቅም መጠበቁንም ይናገራል። ከዚህ ተነሥተው የወጡት ቻርተሮች፣ የ1989ኙ አዋጅ ቁጥር 87 እና የ1995ቱ አዋጅ ቁጥር 361፣ ከንቲባውን በተመረጠ ምክር ቤት የሚሰየምና ለምክር ቤቱም ለፌዴራሉ መንግሥትም የሚጠየቅ ሹም አደረጉት። ያለፉት ከንቲቦች አንድ ጌታ ነበራቸው፤ ይህ ከንቲባ ግን በሕግ ሁለት ወገን ያዳምጣል።

የዚህ አሠራር ፈተና በ1997 ዓ.ም. መጣ። በዚያ ዓመት ምርጫ ቅንጅት ከ138ቱ የከተማዪቱ ምክር ቤት መቀመጫዎች 137ቱን አሸነፈ፤ ለከንቲባነትም ዶክተር ብርሃኑ ነጋን መረጠ። በአገር አቀፉ ውጤት ላይ በተነሣው ውዝግብና በተከተለው እስር ምክንያት ግን ርክክቡ አልተፈጸመም። በ1998 ዓ.ም. በአቶ ብርሃነ ደሬሳ የሚመራ ባለአደራ አስተዳደር በፌዴራል መንግሥት ተሰየመ። ለዚያ ውጤት ተጠያቂው ማን እንደሆነ የተለያየ አስተያየት አለ፤ ያ የሌላ ንግግር ርእስ ነው። ለዛሬው ጥያቄያችን የሚጠቅመው፣ ሁለቱ ተጠሪነቶች በተጋጩ ጊዜ የቀጠለው የላይኛው መሆኑ ነው። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ የምክር ቤት አባል ያልሆነ ሰው ከተማዪቱን እንዲመራ ቻርተሩ ተሻሻለ። የቅርቡን ዝርዝር ብታዩም አሮጌውን መሰላል ታገኙታላችሁ፤ አቶ ኩማ ደመቅሳ ከመከላከያ ሚኒስትርነት፣ በከተማዪቱ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት ከንቲባ ወይዘሮ አዳነች አቤቤም ከፌዴራል ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግነት መጡ፤ ኢንጂነር ታከለ ኡማ ከከተማዪቱ ወደ ማዕድን ሚኒስትርነት ሄዱ።

እዚህ ላይ ተገቢ የሆነ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። መዲና የነዋሪዎቿ ብቻ አይደለችም፤ የአገር መንግሥት፣ የአፍሪካ ኅብረትና የኤምባሲዎች መቀመጫ ናትና ማዕከላዊው መንግሥት እጁን ቢያስገባ ምን ይደንቃል? በእርግጥም አዲስ አበባ በዚህ ብቻዋን አይደለችም። ፓሪስ ከ1871 እስከ 1977 ድረስ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የራሷ ከንቲባ አልነበራትም። ዋሽንግተንም ከንቲባዋን የመምረጥ መብት ለአንድ መቶ ዓመት ያህል አጥታ መልሳ ያገኘችው በ1973 በወጣ ሕግ ነው። መዲናን የሚፈራ መንግሥት በየአገሩ አለ ማለት ነው። ልዩነቱ ያለው በመሬቱ ላይ ነው። የፓሪስ ሰው ከንቲባ ባልነበረበት ዘመንም ቢሆን የቤቱ ባለቤትነት ወይም የኪራይ ውሉ በከተማው ሹም እጅ አልነበረም። በአዲስ አበባ ግን ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ መሬቱ የመንግሥት ነው፤ የ1986ቱ የሊዝ አዋጅም ይህንኑ መሬት በኪራይ የሚሰጥና የከተማዪቱ ገቢ ምንጭ አድርጎታል። ቦታ የሚመራው፣ ካርታ የሚሰጠው፣ ሰፈር የሚያነሣውና ካሳ የሚተምነው አንድ አስተዳደር ሲሆን፣ ነዋሪው ሹሙን ከመጠየቁ በፊት ከሹሙ የሚለምነው ነገር አለው። ለማኝ ደግሞ ጠያቂ መሆን ይቸግረዋል።

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት በፒያሳ ሲጀመር ብዙ ቤተሰቦች ለዓመታት ከኖሩበት ሰፈር ተነሥተው ወደ ሌላ አካባቢ ሄደዋል። ሥራው የከተማዪቱን ገጽታ ለውጧል የሚሉ አሉ፤ ዕድር፣ ደንበኛና ጎረቤት ተበትኗል የሚሉም አሉ። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል። የታሪክ ተማሪ የሚጠይቀው ግን ተነሺው ሰው ውሳኔው ከመወሰኑ በፊት ሐሳቡን ሊያሰማበት የሚችል፣ ከተወሰነም በኋላ ወሳኙን ሊጠይቅበት የሚችል ደጃፍ ነበረው ወይ ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ የ1879ኙ የሰፈር ነዋሪ፣ የ1940ዎቹ ጭሰኛና የ1970ዎቹ የቀበሌ ተከራይ ጥያቄም ነበር።

ስለዚህ ለተመራቂ ተማሪዎቻችን አንድ ማሳሰቢያ ላቅርብ። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ስትመርጡ የከንቲቦችን የሕይወት ታሪክ ብቻ አትፈልጉ። የማዘጋጃ ቤቱን የቦታ መዝገቦች፣ የአቤቱታ ደብዳቤዎችና የምክር ቤት ቃለ ጉባኤዎች ፈልጉ፤ በነጋሪት ጋዜጣ ላይ የወጡትን ቻርተሮች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ «ተጠሪነቱ» የሚለው ቃል ከዘመን ወደ ዘመን የት የት እንደተጻፈ ተከታተሉ። ከንቲባው ማን እንደነበረ ከሹመት ደብዳቤው እናውቃለን፤ ከተማዪቱ የማን እንደነበረች የምናውቀው ግን ከአቤቱታው ማኅደርና አቤቱታው ካገኘው መልስ ነው።